መኪና የማይከተለን መንገድ የት አለ?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ በብስክሌት ከከተማ ስለ መውጣት የሚጠይቁ ናቸው። በጣም ደስ ብሎኛል። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ነርስ ነበርኩ። ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ የክትባት ሣጥን ከኋላዬ አስሬ በፎገራና በደራ ገጠር በብስክሌት ስዞር ኖሬያለሁ። የምመልሰውም እኔው ከሄድኩበት ነው። ለዛሬ አራቱን ደብዳቤዎች መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር ነው። ዕድሜዬ 38፣ ሥራዬ ሒሳብ ነው። ባለፈው ዓመት ጎማው ቀጭን የሆነ፣ ያገለገለ የእሽቅድምድም ብስክሌት ገዛሁ። በጎንደር መንገድ ሁለት ጊዜ ወጣሁ። ሁለቱንም ጊዜ አይሱዙ ከኋላዬ ጥሩምባ እየነፋ ከአስፋልቱ አስወጥቶ ጠጠር ውስጥ ከተተኝ። ወንድሜ የሚኖረው ቪየና ነው። በዳኑብ ወንዝ ዳር ቀኑን ሙሉ መኪና ሳያይ ሲነዳ የተነሣውን ፎቶግራፍ ይልክልኛል። እኛ ወንዝ አጣን ወይስ ሜዳ? በባሕር ዳር ዙሪያ መኪና የማይከተለኝ ደልዳላ መንገድ የት ላግኝ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ወንዝም ሜዳም አላጣንም። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወደ ጣና ይገባሉ፤ ዓባይ ደግሞ ከከተማችን ሥር ይወጣል። የፎገራ ሜዳ ከሐይቁ ብዙም ከፍ የማይል፣ ዓይን እስኪደክም የተዘረጋ ምድር ነው። የጎደለን ሌላ ነገር ነው። እሱን ለመረዳት ወንድምሽ የሚነዳበት መንገድ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅምሻል።

የዳኑብ ዳር መንገድ መጀመሪያ የተሠራው ለብስክሌት አልነበረም። የእንፋሎት መርከብ ከመምጣቱ በፊት ጭነት የያዘ ጀልባ ወንዙን ሽቅብ የሚወጣው በፈረስ እየተጎተተ ነበር። ፈረሶቹ የሚረግጡት መንገድ የግድ ከውኃው ጠርዝ መራቅ የለበትም፤ ዳገትም ሊኖረው አይችልም። እንፋሎት ሲመጣ ፈረሶቹ ሄዱ፣ መንገዱ ቀረ። ዛሬ ከጀርመኗ ፓሳው ከተማ እስከ ቪየና ባለው 320 ኪሎ ሜትር ገደማ የብስክሌት ጉዞ ውስጥ ብዙው ክፍል ያንን የጥንት የፈረስ መንገድ ተከትሎ የሚሄድ ነው።

ስለዚህ ሰው ሲጠይቀኝ የውኃን መንገድ ተከተሉ እላለሁ። በእኛ ዘንድ ለዚህ የሚቀርበው መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ መስኖ ነው። ግድቡ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ የተሠራ ሲሆን ዋናው ቦይ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ውኃው በራሱ ክብደት እንዲወርድ ስለሚፈለግ ቦዩ የኮረብታውን ወገብ ይዞ ይጠማዘዛል እንጂ ሽቅብ አይወጣም። አጠገቡ ያለው የጥገና መንገድም እንደ ቦዩ ነው፤ ውኃ ዳገት ስለማይወጣ አንቺም አትወጪም። የሚያጋጥምሽ ውኃ የሚያከፋፍል ገበሬ፣ ሽንኩርትና ድንች የጫነ ጋሪ፣ ከብት የሚነዳ ልጅ ነው። እኔ ጡረታ በወጣሁበት ዓመት ጥር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሄድኩ። በግራዬ ቦዩ ከእኔ እኩል ይፈስሳል፣ በቀኜ ስንዴው አረንጓዴ ነው፣ ከኋላዬ ምንም ድምፅ የለም። ሠላሳ ዓመት ያህል ብስክሌት ስነዳ ጆሮዬን ወደ ኋላ ሳልጥል የነዳሁበት ቀን ያ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

እስከ መራዊ ያለውን ግን በብስክሌት እንድትሄጂ አልመክርሽም። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው ዋና መንገድ ስለሆነ ከባድ መኪና ይበዛበታል። ብስክሌቱን ሚኒባስ ጣራ ላይ አስጭኚ። ስታስጭኚ የፊት ጎማውን ፍቺው፤ ካቴናው ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን፤ ማሰሪያውን ራስሽ አጥብቂ። ከመነሣትሽ በፊት በዚያ አካባቢ የሚኖር ሰው ደውለሽ የዕለቱን ጸጥታ ጠይቂ። መንገዱ ዘንድሮም ከርሞም እዚያው ነው፤ ጥርጣሬ ያለበት ቀን ይቅርብሽ።

ቦዩን በተመለከተ ሁለት ነገር አደራ እላለሁ። አንደኛው፣ ግድግዳው ዘቅዛቃና አልጌ የያዘ ስለሆነ የገባ ሰው በቀላሉ አይወጣም። መከለያ የለውምና ከጠርዙ ራቂ። ሁለተኛው፣ ፊትሽን ለመታጠብም ሆነ እግርሽን ለማቀዝቀዝ ውኃው ውስጥ አትግቢ። በጣና ዙሪያ ባሉ ውኃዎች ቢልሃርዚያ አለ፤ ጥገኛው በቆዳ ነው የሚገባው። የሚጠጣውንም የሚታጠቡበትንም ከቤትሽ ይዘሽ ሂጂ።

ወደ ፎገራ ከሄድሽ ደግሞ ወቅቱ መንገድሽን ይወስንልሻል። አፈሩ ዋልካ ነው። በክረምት ሜዳው ውኃ ይተኛበታል፤ ሩዙም ለዚህ ነው የተስማማው። አንድ ሰኔ ላይ ጠዋት ደርቆ ባገኘሁት መንገድ ገብቼ ዝናብ ያዘኝ። ሃምሳ ሜትር ሳልሄድ ዋልካው በጎማውና በሹካው መካከል ተጠቅጥቆ ቸርኬው መዞር አቆመ። የክትባቱ በረዶ ሳይቀልጥ መድረስ ነበረብኝና ሣጥኑን በጀርባዬ፣ ብስክሌቱን በትከሻዬ ተሸክሜ ስሄድ ከማሳ ያየኝ ገበሬ መጥቶ ብስክሌቱን ተቀበለኝ። እስከ መንደሩ ድረስ አንድም ቃል ሳይናገር ተሸከመልኝ። ስንደርስ ልጁን ይዞ መጥቶ መጀመሪያ ተሰለፈ።

ከኅዳር እስከ ጥር ግን ያው ምድር ሌላ ነው። ሩዙ ታጭዶ ጓያና ሽምብራው በቅሏል፤ እግርና ኮቴ ያለሰለሰው ጠባብ መንገድ እንደ ሲሚንቶ ጠንክሯል። ከየካቲት በኋላ ዋልካው ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ከመንገዱ ጋር ጎን ለጎን ሲሄድ ያንቺን ቀጭን ጎማ ሙሉ ለሙሉ ይውጠዋል፤ በዚያ ወቅት በቀጭን ጎማ አትግቢ።

ጎማሽን ለውጪ የምልሽ ለፎገራ ብቻ አይደለም። ሹካውና ፍሬኑ የሚያስገቡ ከሆነ 28 ሚሊ ሜትር፣ ቢቻል 32 አስገቢ፤ በጠጠር ላይ ደግሞ ከ5 ባር በላይ አትንፊው። በጣም የተነፋ ጎማ በድንጋይ ላይ ይዘልላል፣ ፍሬንም አይይዝልሽም። በእነዚህ መንገዶች ላይ ዋናው ጠላትሽ ኩርንችት ነው። በየሰዓቱ ውረጂና ጎማውን ዙሪያውን ተመልከቺ፤ የተሰካ ካለ ከመነዳሪው (የውስጡ ጎማ) ጋ ሳይደርስ ንቀይው። ሁለት ትርፍ ከመነዳሪና ትንሽ ፖምፓ ያዢ። ጎሚስታ ያለው ከተማ ብቻ ነው።

ስለ ቀኑም ልንገርሽ። በገበያ ቀን የገጠሩ መንገድ በአህያና በሰው ይሞላል። ለእኔ ደስ የሚል ነው፤ ፍጥነት ለሚፈልግ ግን አይሆንም። በሚካኤልና በማርያም፣ በእሑድም ጠዋት፣ ነጭ የለበሰ ሕዝብ መንገዱን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ያኔ ውረጂና ብስክሌቱን እየገፋሽ እለፊ፤ ሰላምታሽንም አስቀድሚ። መንገዱ የእነሱ ነው፤ እኛ እንግዶች ነን።

ይህ ሁሉ እስኪደርስሽ ለመጀመሪያው ወር ከተማ ውስጥ ልመጂ። በግንቦት 2016 ዓ.ም. በተመረቀው 380 ሜትር የሚረዝመው የዓባይ ድልድይ ላይ ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መስመር አለ። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ብትደርሺ ጉሙ ከወንዙ ላይ ሲነሣ ታያለሽ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እንደምን አሉ? ተማሪ ነኝ፣ 20 ዓመቴ ነው። ከጓደኛዬ ጋር እሑድ እሑድ በማለዳ ተነሥተን ወደ መሸንቲ አቅጣጫ እንነዳለን። ስንሄድ ነፋሱ ፊት ለፊት ነው፤ ስንመለስም ፊት ለፊት ነው። ጓደኛዬ ደክሞህ ነው ይለኛል። እውነት እንዲህ ያለ ነፋስ አለ?

መልስ፦ ልጄ፣ አለ። ጓደኛህ ተሳስቷል።

ከተማችን በሐይቁ ደቡባዊ ጫፍ ላይ ነው ያለችው። ሌሊት የብሱ ከሐይቁ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ማለዳ ላይ ቀላል ነፋስ ከየብስ ወደ ሐይቅ ይነፍሳል። አንተ በዚያ ሰዓት ወደ ደቡብ እየሄድክ ስለሆነ ፊትህን ይመታሃል። ፀሐይ ከፍ ስትል ደግሞ የብሱ ከሐይቁ ቀድሞ ይሞቃል። የሞቀው አየር ሽቅብ ሲወጣ ከውኃው ላይ ቀዝቃዛው አየር መጥቶ ቦታውን ይይዛል። ያን ጊዜ አንተ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሐይቁ እየተመለስክ ነው። የማለዳው ነፋስ ደካማ ነው፤ የሚጎዳህ የመልሱ ነው፣ በዚያ ላይ እግርህ ደክሟል። በደንገል ታንኳ እንጨት ከዘጌ ጭነው የሚመጡት ቀዛፊዎች በሌሊት የሚነሡት ይህንኑ የቀን ነፋስ ሽሽት ነው።

ነፋስን አቅልለህ አትይ። የአየር ግፊት ከፍጥነት ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር በሚነፍስ ነፋስ ላይ በ20 ብትነዳ የሚገፋህ አየር፣ ነፋስ በሌለበት በ30 እንደሚነዳ ሰው ያህል ነው። ሜዳ ላይ ደግሞ የሚከልልህ ኮረብታ የለም። ሜዳ ቀላል ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ይረሳሉ። ዳገት ያበቃል፣ ቁልቁለትም ተከትሎት ይመጣል፤ የሜዳ ነፋስ ግን ቤትህ በር ድረስ አይለቅህም።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ፊታችሁን ወደ ከተማ አዙሩ። ነፋሱ ከያዛችሁ ማርሹን አቅልላችሁ እግራችሁን ቶሎ ቶሎ አሽከርክሩ እንጂ በጉልበት አትግፉ። ክርናችሁን አጥፋችሁ ደረታችሁን ወደ መሪው ዝቅ አድርጉ። አንዳችሁ ከሌላችሁ ኋላ፣ አንድ ክንድ ያህል ርቃችሁ ንዱና በየአምስት ደቂቃው ተቀያየሩ፤ ከኋላ ያለው ድካሙ ከሩብ በላይ ይቀንስለታል። የፊተኛው ጉድጓድ ሲያይ በእጁ ያመልክት፣ በድንገትም ፍሬን አይያዝ። ሰው በሚበዛበት ቦታ ይህን ተዉት።

በብስክሌት ታሪክ እኛም ሩቅ ሄደናል። በኅዳር 1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ ኢትዮጵያን ወክለው በጎዳና ውድድር ተሰልፈዋል። ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ የተሳተፈችው ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር፤ ብስክሌታችንም አብሮ ነበረ። ይህን ለጓደኛህ ንገርልኝ።

ጥያቄ፦ ለሲስተር። እኔ የሐሙሲት ነዋሪ ነኝ፤ 64 ዓመት ሆኖኛል። ለጉልበቴ ሐኪም ብስክሌት ንዳ አለኝ፣ ልጄም ገዝቶ ላከልኝ። በማሳ መካከል ወደ ሐይቁ የሚወርድ ጥሩ መንገድ አለን፤ መኪና ጨርሶ አይደርስበትም። ችግሩ በመንገዱ ላይ ካለ አንድ ግቢ ሁለት ውሾች እየወጡ ያባርሩኛል። አንድ ጊዜ ሊጥሉኝ ነበር። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ የማውቀው መንገድ መስሎኝ ልቤ ደነገጠ። እኔንም በዚያ አገር ብዙ ጊዜ ውሻ አባሮኛል።

ውሻ የሚያባርረው የሚሮጠውን ነው። ስለዚህ ግቢው ጋ ከመድረስዎ በፊት፣ መቶ እርምጃ ሲቀርዎ፣ ይውረዱ። ብስክሌቱን በእርስዎና በውሾቹ መካከል አድርገው በዝግታ ይሂዱ፤ ጀርባዎን አይስጧቸው። ጎንበስ ብለው ድንጋይ የሚያነሡ ቢመስሉ አብዛኛው ውሻ ይመለሳል። ግን ከዚህ ሁሉ በፊት አንድ ቀን ብስክሌቱን ትተው በእግርዎ ይሂዱና ከሩቅ “ቤቶች!” ብለው ይጣሩ። ከባለቤቶቹ ጋር ቡና ይጠጡ፤ ውሾቹም ያሽትቱዎት። እኔ በየመንደሩ እንዲህ ነበር የማደርገው፤ በሚቀጥለው ወር ስመለስ ውሾቹ ራሳቸው ያውቁኝ ነበር። ውሾቹ ክትባት ወስደው እንደሆነም በዚያው ይጠይቁልኝ።

ከነከሰዎት ወይም ጥርሱ ከጫረዎት፣ ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም፣ ወዲያው በሚፈስስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ይጠቡት። ሰዓት ይዘው ይቁጠሩ። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱና የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ይጀምሩ። ውሻው ጤነኛ ይመስላል ብለው አይጠብቁ። ፀበል መሄድ ከፈለጉ ይሂዱ፣ እግዚአብሔር ይርዳዎት፤ ክትባቱን ግን አያቋርጡ፣ የቀጠሮውን ቀን ሁሉ ይጨርሱ። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ዘግይቶ የመጣ አንድ እረኛ ልጅ በሥራ ዘመኔ አይቻለሁ። የነከሰው ቦታ ድኖ ጠባሳው ብቻ ነበር የሚታየው። እናቱ ውኃ ስትሰጠው ጽዋውን ማየት ይፈራ ነበር። ስለዚህ ነው በዚህ ነገር የማልለዝበው።

ለጉልበትዎ ደግሞ የኮርቻውን ከፍታ ያስተካክሉ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ተረከዝዎ ላይ አድርገው እግርዎ ቀጥ ማለት አለበት። በእግርዎ ፊት ሲረግጡት ያኔ ጉልበትዎ በትንሹ ይታጠፋል፤ ልኩ እሱ ነው። ዝቅ ያለ ኮርቻ ለመውረድ ይመቻል፣ ጉልበት ግን ይጎዳል። በመጀመሪያው ሳምንት 20 ደቂቃ ይበቃዎታል።

ጥያቄ፦ የዓባይ ማዶ ነዋሪዎች ነን፤ ሦስት ጓደኛሞች። ከሥራ በኋላ፣ ሲመሽ፣ በቤዛዊት ኮረብታ ሥር በወንዙ ዳር ባለው የእግር መንገድ ብንነዳ ጸጥ ያለ ነው። ምን ይላሉ?

መልስ፦ ጸጥታው ደስ ይላል፤ ሰዓቱ ግን የጉማሬ ነው። ጉማሬ ቀን ውኃ ውስጥ ውሎ ሲመሽ ሣር ለመጋጥ ይወጣል፤ የሚመለስበትም የራሱ መንገድ አለው። በእሱና በወንዙ መካከል የገባን ሁሉ ይጥላል፣ ሲሮጥም አትቀድሙትም። ሣሩ ተጋጦ ወደ ውኃ የሚወርድ ሰፊ ዱካ ካያችሁ በቀንም ቢሆን እዚያ አትቁሙ። ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ወንዙን ለቅቃችሁ መብራት ወዳለበት መንገድ ውጡ። በማለዳ ከሆነም ፀሐይ በደንብ እስክትወጣ ጠብቁ።